መጀመሪያ እሳቱን፣ ፌስታሉ ይደርሳል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ከባሏና ከ2 ልጆቿ ጋር ትኖራለች። «አካባቢን ስለማይጎዳ ኑሮ የማነበው ሁሉ ግቢ ላለው ወይም ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። እኔ ግቢም ትርፍ ገንዘብም የለኝም። ፌስታል መያዝ ትቻለሁ። ከዚህ ሌላ በየቀኑ ማድረግ የምችለው፣ እውነት ለውጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ባሌ ‹እኛ ብንተው ምን ይለወጣል› እያለ ይስቅብኛል። ደግሞ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልገዛ አስቤያለሁ፣ ልግዛ?» ትላለች።

እህቴ፣ ፌስታል መተውሽ ጥሩ ነው፣ እንዳትመለሺበት። ግን ቅር አይበልሽና የጀመርሽው ከትንሹ ነው። ሥራዬ የቤት ውስጥ ኃይልና ደረቅ ቆሻሻ ነው። ሰው ጓዳ እየገባሁ ምድጃ ስለካ፣ የቆሻሻ ባልዲ ስመዝን ነው ዕድሜዬ የሄደው። ሰው ስለ አካባቢ ሲያስብ ዓይኑ የሚያርፈው በሚታየው ላይ ነው። ፌስታል ይታያል፣ አጥር ላይ ይንጠለጠላል፣ ቦይ ይዘጋል። ለቡና የነደደው ከሰል ግን አመድ ሆኖ ይደፋና ይረሳል። እኔ ቅደም ተከተሉን ላውጣ ካልሽኝ መጀመሪያ የምታነጂው፣ ቀጥሎ የምትጥዪው እርጥብ ነገር፣ ከዚያ ውሃው፣ ፌስታሉ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስተካክል። ውጭ አገር የሚጻፈው ምክር «መብራት ቆጥቡ» ብሎ የሚጀምረው በምክንያት ነው፤ ብዙ ቦታ ኤሌክትሪክ የሚመጣው ድንጋይ ከሰል ወይም ጋዝ ተቃጥሎ ነው። የእኛ ግን ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው። ከግልገል ግቤ፣ ከበለስ፣ ከተከዜ፣ አሁን ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከህዳሴ ግድብ። ትንሽ ደግሞ ከአዳማ ንፋስ። ስለዚህ ያ ምክር ለአንቺ ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ከከሰል ሽሺ፣ ወደ መብራት ሂጂ። ቁጠባው ከዚያ ይከተላል።

ከሰል እንዴት እንደሚከሰል አይተሽ ታውቂያለሽ? እንጨቱ ይከመራል፣ በሣርና በአፈር ይለበሳል፣ ለቀናት ታፍኖ ይጨሳል። በዚህ መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ሌላው በጭስ በኖ ይቀራል። ከስምጥ ሸለቆ ወደ አዲስ አበባ ስትመጪ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ የተደረደረው ከሰል ብዙው ግራር ነበር። ግራር ደግሞ እንደ ባህር ዛፍ ቆርጠሽው ከጉቶው ቶሎ አቆጥቁጦ የሚመለስ ዛፍ አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሌላም ጣጣ አለው። ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ይግባ» ተብሎ ሳሎን ይገባል። አደገኛው ጋዝ ግን የዚያን ጊዜም አለ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ብርድ ነው ተብሎ መስኮት ከተዘጋ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። በየክረምቱ «ከሰል አፍኗቸው» ሲባል የምንሰማው ይሄንኑ ነው። አንድ የገና ማታ እኔው ራሴ፣ ለሰው የማስተምረው ሰውዬ፣ ዘመድ ቤት በር ተዘግቶ ቡና እየጠጣሁ ራሴን ሲወቅረኝ «ጠላው ነው» ብዬ ቁጭ ብዬ ነበር። አንዲት ልጅ አስመለሳትና ነው ሁላችንም የነቃነው።

ቡናሽን ተዪ አልልሽም፣ ማን ይሰማኛል! መቁላቱንም ማፍላቱንም በኤሌክትሪክ ምድጃ አድርጊው። ጀበና በትንሽ ሙቀት ከጀመርሽለት አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጠቀው በቀላ ሽቦ ላይ ቀዝቃዛ ጀበና ሲጣድ ነው። ለዕጣኑ 2 ፍም ትበቃለች፣ እሷንም በረንዳ ላይ አቀጣጥያት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ ከዓረብ አገር የሚያመጣ ዘመድ ካለሽ ደግሞ ተገላገልሽ። መብራት ሲጠፋ መቼም ከሰል ያስፈልጋል፤ ለዚያ ከቆርቆሮው ማንደጃ ይልቅ ውስጡ ሸክላ የሆነውን ላቀች ምድጃ ያዢ፣ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥብልሻል። እና እባክሽ ከሰል በፌስታል ወይም በሃይላንድ ቁራጭ አታቀጣጥይ። ቶሎ ይያያዛል፣ አውቃለሁ። ግን ያ ጥቁር ጭስ በቀጥታ ልጆችሽ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ድስቱ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 ገደማ ነው። ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆንን ነው። ለዚህ ነው ሽምብራውና ባቄላው አልበስል ብሎ ከሰዓት ሙሉ የሚንተከተከው። እሳቱን ብትጨምሪው ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ92 አያልፍም። ፕሬዠር የምንለው ክዳኑ የሚቆለፈው ድስት ይህን ነው የሚሰብረው፤ እንፋሎቱን ይዞ ሙቀቱን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ቆላ ከሚኖር ሰው ይልቅ ለእኛ ነው የሚጠቅመው። ገንዘብ የማወጣው በምን ላይ ነው ካልሽኝ እሱን ነው የምልሽ፣ ከምጣዱ በፊት።

እሱም ከሌለ ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ፣ ድስትሽን ክደኚ። ሌላ የምወደው ዘዴ አለ። ምስሩን ወይም ሩዙን 10 ደቂቃ አፍልተሽ፣ ክዳኑን ሳትከፍቺ ድስቱን እንዳለ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ አስቀምጪው። እሳት ሳይነካው በያዘው ሙቀት ይበስላል። እናቴ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠ ድስት ስታይ «ምን፣ አራስ ነው እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች፤ አሁን እሷም ትጠቀልላለች። ቦሎቄን ግን በዚህ መንገድ እንዳትሞክሪው። ቦሎቄ በደንብ ተንተክትኮ ካልፈላ ሆድ የሚያጣምም መርዝ አለው።

እንጀራው ነው ትልቁ። የቤት ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አንድ ሰዓት ብቻ ብትጋግሪ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት አለቀ ማለት ነው። በዚያው ኃይል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 16 ቀን ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ ይበራል። ስለዚህ ልጆቹን «አምፖል አጥፉ» እያልሽ ስትቆጪ ጥሩ ነው፣ አስተምሪያቸው፣ ግን ብሩ ያለው ምጣዱ ላይ ነው።

ምጣድ ላይ የሚባክነው በዋናነት በማሞቂያው ጊዜ ነው። ከባዱ ሸክላ እስኪግል ድረስ ምንም ሳትጋግሪ መብራቱን ትከፍያለሽ። በሳምንት 3 ጊዜ 8 እንጀራ የምትጋግሪ ከሆነ ያን ዕዳ 3 ጊዜ ነው የምትከፍይው። አንዴ 24 ጋግሪ። ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ብትመጣ ደግሞ የበለጠ ነው። ኮሚናል፣ ማለትም የጋራ መገልገያ ቤት፣ ያላቸው ብሎኮች ላይ ይህን የሚያደርጉ እናቶች አሉ፣ እነሱ አካባቢ ጥበቃ አይሉትም፣ የመብራት ካርድ ቶሎ እንዳያልቅ ነው። አክንባሎው በደንብ ይግጠም፣ ዙሪያውን እንፋሎት የሚያሾልክ ከሆነ ሙቀቱ በዚያ ነው የሚሄደው። የመጨረሻዎቹን 2 እንጀራ ማብሪያውን አጥፍተሽ ጋግሪ፣ ሸክላው የያዘው ይበቃል። ከዚያም አልቀዘቀዘም፤ የተራረፈ እንጀራ ቆራርሰሽ በትኚበት፣ ድርቆሽ ይሆንልሻል።

ሰዓቱም ቁም ነገር ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት አንድ ላይ ነው የሚለኩሰው፣ ትራንስፎርመሩ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። ረፋድ ላይ ወይም ከእራት በኋላ ጋግሪ።

ቦይለር ካላችሁ ቀኑን ሙሉ አብርታችሁ አትተዉት። 50 ሊትር ውሃ ከቧንቧው ቅዝቃዜ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሳትጠቀሙበት ሲውል ደግሞ እየቀዘቀዘ እንደገና ይሞቃል። ከመታጠባችሁ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አብሩት፣ ስትገቡ አጥፉት። ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ሞባይል ቻርጀር አትጨነቂ፣ ከእነዚህ ጋር ሲወዳደሩ ምንም ናቸው።

ወደ ቆሻሻው እንሂድ። የአዲስ አበባ ቤት ከሚጥለው ከግማሽ በላዩ እርጥብ ነው፤ ልጣጭ፣ የአትክልት ግንጥልጣይ፣ የቡና አተላ፣ የተበላሸ ምግብ። ይህ በየቤቱ ፌስታል ውስጥ ታስሮ፣ ከላስቲክና ከዳይፐር ጋር ተደባልቆ ሲከመር አየር አያገኝም። አየር ያጣ ብስባሽ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሠራል፣ ሚቴን ደግሞ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ ያለው የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ፣ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ያየነው ክምር፣ ብዙው ከጓዳችን የወጣ ነበር። በማግስቱ ረጲ ሄጄ ነበር። ስለዚያ ቀን ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሽንኩርት ልጣጭ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ስደባልቅ እጄ እሺ አይለኝም።

4ኛ ፎቅ ላይ ኮምፖስት ይሠራል ወይ? ይሠራል። እኔ ግን መጀመሪያ ያበላሸሁት ነው። ልጣጩን ባልዲ ውስጥ እየጨመርኩ ክዳን ገጥሜ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። በ10ኛው ቀን የብሎኩ ኮሚቴ በሬን አንኳኳ። «ኢንጂነር፣ የሞተ አይጥ ያለ ይመስለናል፣ ሽታው ከእርስዎ በኩል ነው» አሉኝ። አይጥ አልነበረም፣ የእኔ አካባቢ ጥበቃ ነበር። ስህተቴ ደረቅ ነገር አለመጨመሬና አየር አለመስጠቴ ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ አጥበሽ በጋለ ምስማር ጎኑንና ታቹን ብሺው፣ ከሥሩ ሰሃን አድርጊ። ከፈርኒቸር ቤት ሰጋቱራ ለምኚ፣ አብዛኞቹ ውሰጂልን ነው የሚሉሽ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካውን ግን ተዪው። አንድ ጣሳ ልጣጭ ስትጨምሪ 2 ጣሳ ሰጋቱራ ወይም የተቀዳደደ የእንቁላል ካርቶን ከላይ አልብሺው። ሥጋ፣ ዘይት ያለበት ወጥ፣ ወተት አይገባም። በሳምንት አንዴ አገላብጪው። እፍኝ ዘግነሽ ስትጨምቂው ተጨምቆ እንደወጣ ስፖንጅ እርጥብ ብቻ መሆን አለበት፣ ውሃ ካንጠባጠበ ሰጋቱራ ጨምሪ። ከ3 ወር በኋላ የጫካ አፈር የሚሸት ጥቁር ነገር ታገኛለሽ። ጀሪካን ቆርጠሽ ቆስጣ ወይም ጤና አዳም ትተክዪበታለሽ። ይሄ ሁሉ አድካሚ ነው ካልሽ ሰፈርሽ ውስጥ በግ ወይም ላም ያለው ሰው ፈልጊና ንጹሑን ልጣጭ ለይተሽ ስጪው። እኔ ብዙ ጊዜ ያንን ነው የማደርገው።

እርጥቡ ከወጣ የቀረው ቆሻሻ አይሸትም፣ ደረቅ ነው፣ ይሸጣልም። ቆራሌው በየሰፈሩ የሚዞረው ለዚህ ነው። ሃይላንዱን፣ ብረቱን፣ ጠርሙሱን ሳታቆሽሺ አስቀምጪለት። ልብሱን ለልዋጮቹ ስጪ፣ ጎድጓዳ ሳህን ይሰጡሻል። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው «ሪሳይክል» የሚባለውን ነገር ከፈረንጅ እንዳልተማርነው ያውቃል። የእኛ ችግር ከጓዳው ስናወጣው ዘይትና ወጥ ለቅልቀን መስጠታችን ብቻ ነው።

ስለ ፌስታል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስሱ ፌስታል፣ ከ0.03 ሚሊሜትር የቀጠነው፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የተከለከለ ነበር፤ ማንም አልሰማም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው የአንድ ጊዜ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። አሁን በየሱቁ በምትኩ የሚሰጥሽ ጨርቅ የሚመስለው ቦርሳ ግን ጨርቅ አይደለም፣ ተፈትሎ የተጣበቀ ፕላስቲክ ነው። 50 ጊዜ ከያዝሽው ጥሩ ነው። በየሄድሽበት አዲስ የምትገዢ ከሆነ ግን ወፍራም ፌስታል ነው የገዛሽው። አያትሽ ዘንቢል ነበራቸው አይደል? እሱን አራግፊና አውጪው።

ውሃ። የከተማዋ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። የአቃቂው ከመሬት ሥር ተስቦ ሽቅብ ነው የሚገፋው፣ እያንዳንዱ ጀሪካን መብራት በልቶ ነው 4ኛ ፎቅ የሚደርሰው። በሰከንድ አንዴ ጠብ የምትል ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል ታፈሳለች። አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። በፈረቃ ለሚመጣ ውሃ!

ከቧንቧው የባሰው ሽንት ቤት ነው፣ ምክንያቱም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያፈሰው። ቀይ ሥር ስትቀቅዪ ውሃውን አትድፊው፣ ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሽንት ቤቱ ታንከር ውስጥ ጨምሪው። ሳትለቂ እደሪ። ጠዋት ከታች ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሮዝ ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ውሃውን የሚይዘው ጎማ አልቋል። ጎማው ርካሽ ነው፣ ባልሽ በ10 ደቂቃ ይቀይረዋል፣ እየሳቀም ቢሆን።

ለመጠጥ የታሸገ ውሃ የምትገዙ ከሆነ የቧንቧውን አፍልታችሁ ጠጡ። እዚህ ከፍታ ላይ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አንተክትኪው፣ ይበቃል።

ስለ ትራንስፖርት የምልሽ ብዙ የለም። በባቡር፣ በአንበሳ፣ በሸገር፣ በሚኒባስ ወይም በእግርሽ የምትሄጂ ከሆነ ድሮም ደህና ነሽ፣ ማንም ምክር ሊሰጥሽ አይገባም። ስለ ሥጋም እንደዚሁ፤ ሽሮና ምስር ለሚበላ፣ ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ቤት «ሥጋ ቀንሱ» የሚለው ምክር አድራሻው የተሳሳተ ነው። ዛፍ መትከሉን በተመለከተ ሐምሌ ላይ 10 ተክለሽ ፎቶ ከምትነሺ ብሎካችሁ ሥር አንዷን ተክለሽ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የዕቃ ማለቅለቂያ ውሃ አጠጫት። ችግኝ የሚሞተው በበጋው ነው።

ለባልሽ። «እኛ ብንተው ምን ይለወጣል» ላለው፣ ስለ ዓለም ሙቀት አትከራከሪው፣ አታሸንፊውም። የካርድ ቆጣሪውን አሳዪው። ታሪፉ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ነው የሚሄደው። የአንድ ወር የካርድና የከሰል ወጪ ጻፉ፣ ምጣዱንና ቦይለሩን አስተካክሉ፣ ከሰሉን ተዉ፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና ጻፉ። ልዩነቱን እሱ ራሱ ይደምረው።

ምጣዱን ግን ገና አትግዢ። መጀመሪያ ይህን አድርጊ። ፍሪጁንም ቦይለሩንም ነቅለሽ፣ ሊጡን ከመጀመርሽ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቀሪ ኪሎዋት ሰዓት ጻፊ። 24 እንጀራ ጋግሪ። ስትጨርሺ እንደገና አንብቢ። ደግሞ ከማብሪያው እስከ መጀመሪያው እንጀራ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በስልክሽ ያዢ። 15 ደቂቃ አካባቢ ከሆነ ምጣድሽ ጤነኛ ነው፣ ብርሽን ለፕሬዠሩ አድርጊው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ወይ ሽቦው ደክሟል ወይ ሸክላው ከሥሩ ተሰንጥቋል፣ እሱ ደግሞ ይጠገናል። ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፊልኝና ያኔ እናወራለን።